ግራ የገባው መንገድ

ገንዳ ውሃ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ። ጊዜው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሰሊጡ ታጭዶ የተከመረበት ወቅት ነው። ከጎንደር መጥቶ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርደው አስፋልት ከፊቴ ተዘርግቷል፤ ከጎኑ ደግሞ አቧራ የለበሰ የውስጥ መንገድ እየመጣ ይገባበታል። ባጃጁ፣ ትራክተሩ፣ የአህያ ጋሪው፣ ጆንያ የቆለለው ተሳቢ፣ ሁሉም በዚያች መገናኛ ላይ እየተገፋፋ ያልፋል። ማን ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥ የሚያውቅ አይመስልም። እኔም የከተማ ሰው ነኝና፣ “እዚህ ላይ አንድ የትራፊክ መብራት ቢተክሉ ምናለበት!” ብዬ አጉረመረምኩ። ለራሴ ያልኩት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ድምፄ ወጥቷል።

አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ሳቅ አሉ። “መብራቱስ ባልከፋ። ግን ልጄ፣ መብራት ተራ ነው የሚሰጥህ። የትኛውን ጎን እንደምትይዝ አይነግርህም። እኛን ሊፈጀን የነበረው እሱ ነው” አሉኝ።

ሽማግሌው በወጣትነታቸው በጎንደርና በገዳሪፍ መካከል በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበሩ። ያጫወቱኝን ከመናገሬ በፊት ግን ነገሩን ከሥሩ መያዝ ሳይሻል አይቀርም። ምክንያቱም ኢትዮጵያ በአንድ ወቅት ግራዋን ይዛ ትነዳ እንደነበር ዛሬ ብዙዎቻችን ረስተነዋል፤ ልጆቻችንማ ጭራሽ አልሰሙትም።

የመተማ መንገድ ስሙ የሚነሳው ከጦር ጋር ነው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ገጥመው የወደቁት እዚሁ ነው፤ የጠረፏ ከተማም ስማቸውን ይዛ ቀርታለች። ከዚያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በጥር ወር 1933 ዓ.ም. መጨረሻ የጣሊያን ጦር መተማን ለቆ ወደ ጎንደር ሲያፈገፍግ መንገዱን በፈንጂ ሞልቶት ነበር። ፈንጂውን እያነፈነፈ ያወጣው ፕሬሚንድራ ሲንግ ብሃጋት የሚባል ወጣት ህንዳዊ የመሐንዲስ መኮንን ነው። በአራት ቀን ውስጥ 88 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ 15 የፈንጂ ወረዳዎችን አጸዳ። የተሳፈረባት ብረት ለበስ ሁለት ጊዜ ከሥሩ ፈንድታበታለች፤ የጆሮው ታምቡር ተቀዷል፤ ሥራውን ግን አልተወም። እንግሊዞች ትልቁን የጀግንነት ሜዳሊያቸውን፣ ቪክቶሪያ ክሮስን፣ ሸለሙት። እኔ በበኩሌ የዚህ መንገድ የመጀመሪያው የትራፊክ ፖሊስ እሱ ነው እላለሁ።

ወደ ግራና ቀኙ ልመለስ። ያን ጊዜ ቀኙን ይዞ የሚነዳ ጦር ወጣ፤ ግራውን ይዞ የሚነዳ ጦር ገባ። ሱዳን በእንግሊዞች እጅ ስለነበረች በግራ ትነዳ ነበር፤ ኢትዮጵያም በግራ ትነዳ ነበርና ከጎንደር ገዳሪፍ የሚሄድ ሾፌር ጠረፉን ሲያልፍ የሚለወጥበት ቋንቋው እንጂ መንገዱ አልነበረም።

ይህ ስምምነት የፈረሰው ሰኞ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢትዮጵያ ወደ ቀኝ ዞረች። ከጎረቤቶቿ ያን ጊዜ በፈረንሳይ ሥር የነበረችው ጅቡቲ በቀኝ ትነዳ ነበር፤ ሱዳንና ኬንያ ግን በግራቸው ቆዩ።

አንባቢ ሆይ፣ ጎን መለወጥ ለቀጥታ መንገድ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ችግሩ መስቀለኛው መንገድ ላይ ነው። በግራ ሲነዳ ወደ ግራ መታጠፍ ቀላል ነበር፤ የሚመጣውን መኪና መንገድ ማቋረጥ የለበትም። በቀኝ ሲሆን ግን ያችው የግራ መታጠፊያ ከሁሉ የከፋችው ትሆናለች። አደባባዩን በቀኙ አድርጎ ይዞር የነበረው በግራው አድርጎ መዞር አለበት። የአውቶቡሱ በር መሐል መንገድ ላይ ይከፈታል። እግረኛውም ሲሻገር መጀመሪያ የሚያይበትን አቅጣጫ መለወጥ አለበት፤ አንገት ደግሞ እንደ ሕግ በአንድ ቀን አይለወጥም።

ስዊድኖች ይህንኑ ያደረጉት ከእኛ ሦስት ዓመት ዘግይተው፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 1967 ነው። ለዚያች ለሊት ያደረጉት ዝግጅት ጉድ የሚያሰኝ ነበር። የለውጡን ምልክት በወተት ማሸጊያ ላይ፣ ሌላው ቀርቶ በውስጥ ሱሪ ላይ ሳይቀር አተሙት። ከንጋቱ 11 ሰዓት ሲል መንገድ ላይ የተገኘው መኪና ሁሉ ጎኑን ለውጦ ጠበቀ። የሚገርመው አደጋው ለጊዜው መቀነሱ ነው፤ ሰው ሁሉ ፈርቶ ነበራ! ፍርሃቱ ሲለቅ አደጋውም ወደ ቦታው ተመለሰ።

በአፍሪካም ተከታዮቹ ብዙ ናቸው። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ1972፣ ጋና በ1974 ወደ ቀኝ ዞሩ። ሱዳን በመካከሉ፣ ሰኞ ሐምሌ 30 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ዞረች። እንግዲህ ሒሳቡን እናስላ፦ ከሰኔ 1956 እስከ ሐምሌ 1965፣ ዘጠኝ ዓመት ከሁለት ወር ገደማ፣ መተማና ገላባት በአንድ መንገድ ጫፍና ጫፍ ላይ ሆነው አንዷ ቀኝ፣ ሌላዋ ግራ ነበሩ።

የሽማግሌው ወጣትነት ያለፈው በዚህ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ነው።

መኪናቸው ፊያት ነበረች፤ “ኤንትሬ” የምንላት ዓይነት። መሪዋ በቀኝ ነው። ይህ ስህተት አይደለም። ጣሊያኖች ራሳቸው በቀኝ እየነዱ የከባድ መኪናቸውን መሪ በቀኝ ያደርጉ ነበር፤ በተራራ መንገድ ላይ ሾፌሩ የገደሉን ጠርዝ አሻግሮ እንዲያይ ነው። ለጭልጋ ዳገት የታሰበ ይመስላል። ነገር ግን እንዲህ ያለች መኪና በቀኝ በሚነዳ አገር ሌላውን ቀድማ ልታልፍ ስትፈልግ ሾፌሩ ከፊት የሚመጣውን አያይም። የሚያየው በግራ በኩል የተቀመጠው ረዳት ነው።

“በኢትዮጵያ በኩል ዓይኑ እኔ ነበርኩ” አሉኝ። “አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ‘እለፍ!’ ስለው ያልፋል፤ ‘ቆይ!’ ስለው ይቆያል። ነፍሱ በእኔ አፍ ላይ ነበረች። ገላባትን ስንሻገርና ግራችንን ስንይዝ ግን ራሱ ያያል። እኔ ሥራ ፈት እሆናለሁ፤ እስከ ገዳሪፍ እንቅልፌን ነው የምለጥጠው።”

ታዲያ ጠረፉ ላይ ስንቱ ተሳስቶ ተጋጨ? ብዬ ጠየቅኋቸው።

“ጠረፉ ላይ ማንም አይሳሳትም” አሉ። “እዚያ ወታደር አለ፣ ጉምሩክ አለ፣ ልብህ አብሮህ ነው። የሚሳሳተው ሸሂዲ ሲደርስ ነው።” ሸሂዲ የገንዳ ውሃ የቀድሞ ስሟ ነው፤ ከጠረፉ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች።

ነገሩ የሆነው ከገዳሪፍ ሲመለሱ ነው። ሸሂዲ አደሩ። ገና ሳይነጋ ተነስተው መኪናዋን ካሳደሩበት ግቢ አወጡ። መንገዱ ባዶ ነው፤ ከፊት የሚሄድ የለ፣ ከኋላ የሚከተል የለ። ሾፌሩ ለሳምንት በለመደው እጁ ወደ መንገዱ ገባና ግራውን ይዞ መንዳት ጀመረ። ረዳቱም የሱዳን እንቅልፉን አልጨረሰም፤ ዓይን የሆነው ሰው ዓይኑን ጨፍኗል። ጥቂት እንደሄዱ ከጎንደር በኩል የሚመጣ የመኪና መብራት ፊት ለፊታቸው በራ። ያኛው ቀኙን ይዟል፤ እነሱ ግራቸውን ይዘዋል፤ ስለዚህ በአንድ መስመር ላይ ናቸው። ከዚያኛው መኪና ጭነት ላይ ሰዎች ተሳፍረው ነበር።

“ጮህኩ። ‘ቀኝ!’ ልበል ‘ቁም!’ ልበል አላውቅም። ሾፌሬ ደነገጠና እጁ መሪው ላይ ደረቀ። የዳነው በዚያ ነው።”

እንዴት? አልኳቸው።

“ያኛው ወደ ግራው ሸሸልን። እሱም የገዳሪፍ ሾፌር ኖሯል! መብራታችንን ሲያይ ‘ይሄ ሰውዬ ከሱዳን መምጣቱ ነው፣ ገና ሱዳን ያለ መስሎታል’ ብሎ ገመተ። የእኔ ሾፌር ነቅቶ ቀኙን ቢይዝ ኖሮ አልቀን ነበር። የዳንነው ባለመታረማችን ነው። ሁለታችንም በተሳሳተው ጎን፣ በሰላም ተላለፍን።”

ይህን ታሪክ ከሰማሁ ወዲህ መስቀለኛ መንገድ ላይ ስቆም የማየው ሌላ ነገር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1868 ለንደን ውስጥ የተተከለው የመጀመሪያው የትራፊክ መብራት በጋዝ የሚነድ ነበርና ወር ሳይሞላው ፈንድቶ ፖሊስ አቆሰለ። ዛሬም የአዲስ አበባው መብራት ኃይል ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ያን ጊዜ የሚቀረን ያኛው ሾፌር ምን ያደርጋል ብለን የምንገምተው ግምት ብቻ ነው። ግምቱ የጋራ ከሆነ እንተላለፋለን። ግምቱ ለየቅል ከሆነ ደግሞ መልካም ሾፌርነት እንኳ አያድንም።

የመተማው ነገር ከሱዳን መዞር ጋር አበቃ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች በዚህ ጠረፍ ሲገቡ የመንገዱ ጎን አልተለወጠባቸውም፤ የተለወጠባቸው ሌላው ሁሉ ነው። ሞያሌ ላይ ግን ዛሬም ያው ነው፤ ኬንያ ከግራዋ አልወጣችም። ስለ መንገድ መገናኛ ማሻሻል የሚያስቡ ሰዎች የሽማግሌውን ቃል ቢሰሙ ደስ ይለኛል። ቀስት መቀባት ያለበት በጠረፉ ኬላ ላይ ብቻ አይደለም፤ ሾፌር አድሮ ወይም ቡና ጠጥቶ ወደ ባዶ መንገድ በሚወጣበት ደጃፍ ነው፤ በነዳጅ ማደያው መውጫ፣ በሆቴሉ ግቢ በር። በስኮትላንድ ገጠር ከመኪና ማቆሚያ ሲወጣ “ግራህን ያዝ” የሚል ሰሌዳ የሚገጥመው ለዚሁ ነው። ዋጋው ደግሞ ከመብራት ዋጋ ጋር አይወዳደርም፤ ቀለምና ብሩሽ ነው።

ሻያችንን ጨርሰን ተነሳን። ሽማግሌው ቤታቸው ከመንገዱ ማዶ ነው። ከአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆሙና በመጀመሪያ ወደ ቀኝ አዩ፤ ገዳሪፍ እንደተማሩት። አንድ ባጃጅ በግራ በኩል እየበረረ ስለነበር ክንዳቸውን ያዝ አደረግኋቸው። እስኪያልፍ ጠበቅንና አብረን ተሻገርን።