የቺትራጉፕታ መዝገብ

በሰሜን ሕንድ፣ በቢሃር ግዛት፣ በዓመት አንድ ቀን ለብዕር ይሰገዳል። ቀኑ የመብራት በዓል ከሆነው ከዲዋሊ በኋላ በሁለተኛው ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ በጥቅምት ይውላል። በዓሉ የካያስታዎች ነው። ካያስታዎች በሙጋል ነገሥታትም በእንግሊዞችም ዘመን ጸሐፊ፣ መዝገብ ያዥና ግብር አስከፋይ ሆነው የኖሩ ወገኖች ናቸው። ዘራቸውን የሚቆጥሩት ከቺትራጉፕታ ነው። ቺትራጉፕታ የሙታን ዳኛ የያማ ጸሐፊ ነው፤ የእያንዳንዱ ሰው ሥራ፣ ትንሹም ትልቁም፣ በእሱ እጅ ይጻፋል።

እኔ ዕድሜዬን በሌጀር ላይ አጎንብሼ የጨረስኩ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስለ ካርማ፣ የሰው ሥራ ፍሬውን ይዞበት ይመጣል ስለሚለው ትምህርት፣ ያወቅኩትም ከመነኮሳት ሳይሆን ከእነዚህ የብዕር ሰዎች ነው። ደልሂ ንግድ ሥራ ስማር ከዳርባንጋ የመጣ አንድ ካያስታ አብሮኝ ያድር ነበር። ለበዓሉ ቤተሰቡ ዘንድ ይዞኝ ሄደ። ዲዋሊ ካለፈ ወዲህ በቤቱ ውስጥ ብዕር የነካ ሰው አልነበረም። በበዓሉ ጠዋት ንጹሕ ጨርቅ ተነጠፈ፤ ብዕሩ፣ የቀለም ብልቃጡና የሒሳብ ደብተሩ ተደረደሩበት፤ አበባ ተነሰነሰ፤ ዝንጅብልና ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር ቀረበ። ከጸሎቱ በኋላ እያንዳንዱ ሰው በወረቀት ላይ የአማልክቱን ስም፣ ከሥሩም የዓመቱን ገቢና ወጪ ጻፈ። የጓደኛዬን አባት ምን እንደጻፉ ጠየቅኳቸው። ወረቀቱን አጥፈው፣ «ልጄ፣ ይሄ በእኔና በጸሐፊው መካከል ነው» አሉኝ።

የእሳቸው መልስ በዚያው አገር ጥንታዊ ሥር አለው። ዳርባንጋ ያለችበት ምድር በጥንት ዘመን ቪዴሃ ይባል ነበር፤ ሚቲላም ይሉታል። ብርሃዳራንያካ ኡፓኒሻድ የተባለው የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ በዚያ የነገሠውን የጃናካን ጉባኤ ይተርካል። ሊቃውንት ይህን መጽሐፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ወይም በ6ኛው መቶ ዓመት ግድም ያደርጉታል። ንጉሡ ቀንዳቸው ላይ ወርቅ የታሰረባቸው 1,000 ላሞች አቁሞ፣ «ከመካከላችሁ ከሁሉ የበለጠ አዋቂ የሆነው ይንዳቸው» አለ። ያጅናቫልክያ የሚባለው መምህር ማንንም ሳያስፈቅድ ተማሪውን «ንዳቸው!» ብሎ አዘዘው። የተቆጡት የጉባኤው ሊቃውንት በየተራ በጥያቄ ወጠሩት። ከእነሱ አንዱ አርታባጋ፣ ሰው ሲሞት አካሉ ወደ መሬት፣ እስትንፋሱ ወደ ነፋስ ከሄደ ሰውየው ራሱ የት ይቀራል ሲል ጠየቀ። የሌላውን ሁሉ ጥያቄ በጉባኤው ፊት ሲመልስ የነበረው ሰው እዚህ ላይ አርታባጋን እጁን ይዞ ከሕዝቡ ገለል አደረገው። ሁለቱ ብቻቸውን ስለ ካርማ ተነጋገሩ፤ ሰው በበጎ ሥራው በጎ፣ በክፉ ሥራው ክፉ እንደሚሆን። ከዚያ በፊት፣ ከኡፓኒሻዶች በሚቀድሙት የቬዳ መጻሕፍት ዘመን፣ ፍሬ ያፈራል የሚባለው ሥራ በዋናነት የካህናቱ የመሥዋዕት ሥርዓት ነበር። አሁን የማንም ሰው የዕለት ተግባር በሚዛን ላይ ወጣ።

በኋላ የተነሡ መምህራን ካርማን በሦስት ከፈሉት፤ አከፋፈሉ ለሒሳብ ሰው አይከብድም። ሳንቺታ ካለፉት ሕይወቶች ተጠራቅሞ የዞረው ሒሳብ ነው። ፕራራብዳ ከዚያ ላይ ተቀንሶ በዚህ ዕድሜ የሚከፈለው ድርሻ ነው፤ የተወለድንበት ቤት፣ ጤናችን፣ ሳንመርጠው የደረሰብን ሁሉ። አጋሚ ደግሞ ዛሬ በእጃችን የምንመዘግበው ነው። መከፈል የጀመረውን ሁለተኛውን መሰረዝ አይቻልም፤ ብዕሩ ያለው በሦስተኛው ላይ ነው። ባጋቫድ ጊታ የተባለው የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍም ሥራህን ሥራ፣ ልብህ ግን በፍሬው ላይ አይንጠልጠል ብሎ ያስተምራል። ለዚህም በስም የሚጠራው ያንኑ ጃናካን ነው፤ ጫካ ሳይገባ፣ ዙፋኑ ላይ ሆኖ ሥራውን እየሠራ ለፍጹምነት የበቃ ንጉሥ ብሎ።

ትምህርቱ ግን ሁልጊዜ ወደ ራስ ብቻ አልተመለከተም። ቻንዶግያ ኡፓኒሻድ ክፉ የሠራ በውሻ፣ በዐሣማ ወይም በተናቀ ሰው ማኅፀን ይፀነሳል ይላል። ይህ ሰውን በትውልዱ የሚከፋፍለው የካስት ሥርዓት ምርኩዝ ሆነ። ከውኃ ጉድጓድና ከቤተ መቅደስ የተከለከለው ድሃ ያለፈ ሕይወትህን ዕዳ እየከፈልክ ነው ተባለ። ከእነዚህ የተገለሉ ወገኖች የተወለዱት ቢ. አር. አምቤድካር እ.ኤ.አ. በ1927 በማሃድ ከተማ ከተከታዮቻቸው ጋር ማኑስምሪቲ የተባለውን የጥንት የሕግ መጽሐፍ አቃጠሉ። በ1956ም የሂንዱ እምነትን ትተው ቡዲስት ሆኑ።

ካርማን በራስ ላይና በሌላው ላይ በማንበብ መካከል ያለው ልዩነት ገሃድ የወጣው እዚያው ሚቲላ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 1934፣ በእኛ ጥር 7 ቀን 1926 ዓ.ም.፣ የሥላሴ ዕለት፣ መጠኑ 8 ገደማ የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ሰሜን ቢሃርንና ኔፓልን መታ። ሙዛፋርፑር፣ ዳርባንጋና ሙንገር ፈራረሱ፤ ከ10,000 በላይ ሰው አለቀ። በዚያ ሰሞን በደቡብ ሕንድ እየዞሩ እነዚህን ወገኖች የማግለልን ልማድ ይቃወሙ የነበሩት ጋንዲ፣ አደጋው የዚህ ኃጢአታችን ቅጣት ነው አሉ። ገጣሚው ታጎር ደነገጡ። የተፈጥሮ አደጋ ምክንያቱ ተፈጥሯዊ ነው፤ ደግሞስ ተቃዋሚዎቻችሁ ቅጣቱ የመጣው በእናንተ ምክንያት ነው ቢሉ ምን ትመልሳላችሁ ሲሉ ጻፉ። ጋንዲ የታጎርን ትችት በራሳቸው ጋዜጣ በ«ሃሪጃን» ላይ አወጡት፤ ሐሳባቸውን ግን አልለወጡም። ፍርስራሹ ሥር የቀረው ሰው ከየትኛው ወገን እንደሆነ መሬቷ አልጠየቀችም፤ እኔ ከታጎር ጋር ነኝ።

የዚያን ጊዜውን ካርማ እኔ የማየው በንግግሮቹ ውስጥ ሳይሆን በሠራተኞቹ ላይ ነው። የቢሃሩ ተወላጅ ራጄንድራ ፕራሳድ፣ በኋላ የሕንድ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆኑት፣ አደጋው ሲደርስ እስረኛ ነበሩ። በቀናት ውስጥ ተፈተው የእርዳታ ኮሚቴ አቋቋሙ። ካያስታ ናቸው፤ የብዕሩ ቤት ልጅ። የኮሚቴውን ሒሳብ የያዙት ግን ሂንዱም አልነበሩም። ጄ. ሲ. ኩማራፓ የታሚል አገር ክርስቲያን፣ ለንደን የሠለጠኑ የሒሳብ ባለሙያ ነበሩ። ጋንዲ ከነተከታዮቻቸው ፓትና ሲመጡ ኩማራፓ የቡድኑ ቀለብና መጓጓዣ ከተጎጂዎች ገንዘብ አይከፈልም ብለው ከለከሉ። ጋንዲም አሜን ብለው ተቀበሉ። ብዙ ጊዜ «ለአለቃው ነው፣ ዝም ብለህ ፈርምበት» የተባልኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ያ እምቢታ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። ኩማራፓ ምስጋናም ሹመትም አልጠበቁበትም፤ ጊታ የሚለው ሥራ ይሄ ነው።

በእኛም አገር «የእጁን ነው ያገኘው» ለማለት አንሰንፍም፤ የዛሬ ልጆች ደግሞ «ካርማ ነው» ይላሉ። ሁለቱም የሚነገሩት ሌላ ሰው ሲወድቅ ነው። ሐዋርያትም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ማን ቢበድል ነው፣ እሱ ወይስ ወላጆቹ ብለው ነበር፤ ጌታ ግን ሁለቱንም አላለም፤ ዓይኑን አበራለት። የዳርባንጋው አባት ወረቀታቸውን ያጠፉት የሰው መዝገብ ለሰው ንባብ ስላልተጻፈ ነው። በዕለት ኑሮ ካርማ የሚጠቅመኝ በዚህ ብቻ ነው። የጎረቤቴ ቤት ሲቃጠል፣ በዚያች ሰዓት በስሜ የሚጻፈው የእሱ ያለፈ ጥፋት ሳይሆን የእኔ ሥራ ነው፦ ውኃ ይዤ መሮጤ ወይም ቆሜ ምን በድሎ ይሆን ማለቴ።