የነዳጅ መስጫ እጀታ መላላትና የአሮጌ ትራክተር ጥገና

የትራክተር ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ከፈልሳፊዎቹና ከፋብሪካዎቹ ወገን ሆኖ ነው። ሃሪ ፈርጉሰን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1938 ዓ.ም. ከሄንሪ ፎርድ ጋር በቃል ብቻ መስማማቱ፣ ስምምነቱም ፈርሶ ክሱ በ1952 ዓ.ም. በ9.25 ሚሊዮን ዶላር መቋጨቱ በየመጽሐፉ ይገኛል። ኤድመንድ ሂላሪ በ1958 ዓ.ም. መጀመሪያ በፈርጉሰን ትራክተሮች ደቡብ ዋልታ መድረሱም አልተዘነጋም። መኪናውን ዕለት በዕለት ሲነዳ የኖረው ገበሬ ግን የተወው ጽሑፍ እጅግ ጥቂት ነው። የእርሱ ታሪክ የሚነበበው በተበላው ብረት ላይ ነው።

ከ1946 እስከ 1956 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ከአምስት መቶ ሺህ በላይ የተሠራው «ቲ.ኢ. 20» የተባለው የፈርጉሰን ትራክተር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ነጂው ነዳጅ የሚሰጠው ከመሪው ሥር በተተከለ የእጅ መስጫ ነው። ይሁን እንጂ እጀታው በቀጥታ ካርቡራቶሩን አይከፍትም፤ በዘንግ አማካይነት የፍጥነት ገዥውን ሞላ ይወጥራል እንጂ። ገዥው ጄምስ ዋት በ1788 ዓ.ም. በእንፋሎት ሞተር ላይ ከገጠመው መሣሪያ የሚወለድ ነው፤ የሚሽከረከሩት ክብደቶች ፍጥነት ሲጨምር ወደ ውጭ እየተገፉ ካርቡራቶሩን ያጠባሉ፣ ማረሻው ጠንካራ አፈር ገጥሞት ሞተሩ ሲደክም ደግሞ ሞላው መልሶ ይከፍተዋል። በፈረስ ይታረስ በነበረበት ጊዜ ይህን ሥራ የሚሠሩት ልጓሙ፣ የአራሹ ድምፅና የፈረሱ የራሱ ብልኀት ነበሩ። ትራክተሩ ሦስቱን በአንድ እጀታና በጥቂት ዘንጎች ተካቸው።

ዘንጎቹ የሚጋጠሙባቸው ቀዳዳዎች ግን ከብዙ ዓመት መንቀጥቀጥ የተነሣ ክብነታቸውን አጥተው እንቁላል ይመስላሉ፤ ካስማዎቹም ይቀጥናሉ። በየመጋጠሚያው ያለው ጥቂት ክፍተት ሲደመር ብዙ ነው። ገዥው ይንቀሳቀሳል፣ ካርቡራቶሩ ግን ዘግይቶ ይሰማል፤ ሞተሩም ያለ ምክንያት አንዴ ይጮኻል አንዴ ይዳከማል። የዚህን ዓይነት መወዛወዝ ጠባይ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1868 ዓ.ም. በሒሳብ መርምሮታል። እጀታውን የሚይዘው ብረት ከተበላ ደግሞ መስጫው በመንቀጥቀጥ ብቻ ከተቀመጠበት ይንሸራተታል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ገበሬ የሚያደርገው ዘንጉን ማጉበጥ ወይም ተጨማሪ ሞላ ማሰር ነው። ዘዴው ሥራ አያስፈታም፤ ሆኖም መላላቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም፤ በገዥው ላይ የተጨመረ ሞላ ሞተሩን ከልኩ በላይ ሊያስሮጠው ስለሚችልም አደገኛ ነው። ትክክለኛው ጥገና ትዕግሥት ይጠይቃል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ አንድ ሰው እጀታውን ቀስ ብሎ ያንቀሳቅሳል፤ ሌላው እያንዳንዱን መጋጠሚያ በተራ ይመለከታል። ዘንጉ ወልቆ የተበላው ቀዳዳ እንደገና ክብ ሆኖ ይሰረሰርና የነሐስ ቀለበት ይገባበታል፣ ወይም በብየዳ ተሞልቶ በቀድሞው ልክ ይበሳል፤ ከዚያም አዲስ ካስማ ይገጠማል። የዘንጉ ርዝመት የሚስተካከለው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። የካርቡራቶሩ ክዳን የሚዞርበት ዘንግ ራሱ ላልቶ አየር የሚያስገባ ከሆነ ግን የውጭው ጥገና ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ለታሪክ ተመራማሪ ከባዱ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። አሮጌ ትራክተር የሚያድሱ ሰዎች የተበላውን ጥለው አዲስ ዕቃ ይገጥማሉ፤ ቀለሙም ያበራል። በዚያው ጊዜ የገበሬው እጅ ምልክትና የመንደሩ አንጥረኛ የበየደው ጠባሳ አብረው ይጣላሉ። ያም ሆኖ የላላ የነዳጅ መስጫ ሰው ሊገድል ስለሚችል፣ የሚነዳ ትራክተር ለቅርስነቱ ሲባል እንደ ላላ ሊተው አይገባም። በሙዚየም ቆሞ የሚታየው ግን ሳይነካ ቢቀመጥ ይሻላል። ከሚነዳው የወለቀውም ዘንግ ከየትኛው ትራክተርና ከየትኛው መጋጠሚያ እንደ ወጣ ተጽፎበት ሊጠበቅ ይገባል፤ ያጎበጠው ሰው ማን እንደ ሆነ የሚያስታውስ ጎረቤት ካለም ቃሉ አብሮ ይጻፍ።