መልክና ማዕርግ፤ የሰው ልጅ በኢትዮጵያ ሥዕል እንዴት እንደ ተገለጸ

በወገዳ አገር፥ ይኸውም በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ፥ ወደ አንድ ደብር የሚሄድ ሰው ከሩቅ የሚያየው ክቡን ጣራ ነው። ቅኔ ማኅሌቱን አልፎ ወደ ቅድስቱ ሲዘልቅ ግን በብዙ አድባራት ባለ አራት ማዕዘኑ የመቅደስ ግድግዳ በሥዕል ተሸፍኖ ይቀበለዋል። በበሮቹ ግራና ቀኝ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት ቆመዋል፤ በፈረስ የተቀመጡ ሰማዕታት ጠላታቸውን በጦር ይወጋሉ፤ እመቤታችን ልጅዋን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ በግርጌዋም ሥዕሉን ያሣለው ሰው ተደፍቶ ይታያል። ይህን የሚመለከት ገበሬ ጻድቁን ከኃጥኡ ለመለየት ጽሕፈቱን ማንበብ አያሻውም። ፊቱን መልሶ በሁለት ዐይኑ የሚመለከተው ከጻድቃን ወገን፥ ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዐይኑ ብቻ የሚታየው ከኃጥኣን ወገን መሆኑን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል።

ይህን ሥርዐት የተመለከቱ አንዳንድ የውጭ አገር ሰዎች፥ ከእነርሱም የተማሩ አንዳንድ ያገር ተወላጆች፥ የቀድሞው ሠዓሊ የሰውን መልክ አስመስሎ መሣል ስላልቻለ እንዲህ አደረገ ሲሉ ፈርደዋል። ፍርዱ የተመሠረተው ሥዕል ሁሉ የሚመልሰው ጥያቄ «ይህ ሰው ምን ይመስላል?» የሚል ነው ከሚል አሳብ ላይ ነው። የሀገራችን የሥዕል ታሪክ በቅደም ተከተል ሲመረመር ግን ሠዓሊው የሚመልሰው ጥያቄ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ጥያቄው «ይህ ሰው በማን ፊት ቆሟል? ማዕርጉስ ምንድን ነው?» የሚል ነበር። መልክን ማስመሰል ከብዙ መንገዶች አንዱ፥ ያውም ዘግይቶ የመጣው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ የተቈጠሩት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

ነገሩን ከጥንቱ ለመጀመር፥ የሰው ልጅ ሥዕልን ሲጀምር ራሱን በመሣል አልጀመረም ለማለት ይቻላል። በ1940 በፈረንሳይ አገር በተገኘው በላስኮ ዋሻ ፈረሱ፥ ኮርማውና አጋዘኑ በታላቅ ጥንቃቄ ተሥለዋል፤ በዚያ ሁሉ እንስሳ መካከል የሚታየው ሰው ግን አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ራሱ እንደ ወፍ ራስ ሆኖ በጥቂት መስመር የተነደፈ ነው። በኢትዮጵያም ነገሩ ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም። በድሬዳዋ አጠገብ ባለው በለጋ ኦዳ የዋሻ ሥዕል ከብቶቹ ቀንዳቸውና ጡታቸው ሳይቀር ተለይተው ሲታዩ፥ እረኞቹ እንደ ቀጭን እንጨት በመስመር ብቻ ተመልክተዋል። በጌዴኦ፥ በዲላ አካባቢ በሚገኘው ገደል ላይ የተቀረጹት ላሞች ደግሞ እርስ በርሳቸው ተከታትለው የሚሄዱ ብዙ ሆነው ሳሉ፥ ነጂ ሰው ከመካከላቸው የለም። ላሚቱን እንዲህ አሣምሮ የሠራ እጅ ባለቤቷን መሥራት ይሳነዋል ብሎ ማሰብ አይቻልም። በዚያ ዘመን ሰው የሚታወቀው በመንጋው ነበርና፥ መንጋው ከተሣለ ባለመንጋው ተሣለ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ መንግሥትና ቤተ አምልኮ ሲቋቋሙ የሰው አካል ራሱን ችሎ ወጣ። በአክሱም አጠገብ በሐውልቲ በ1950ዎቹ መጨረሻ በቁፋሮ የተገኘችው የተቀመጠች ሴት ሐውልት ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው አንደኛ ሺህ ዓመት የተሠራች ናት። እጅዋን በጉልበቷ ላይ አድርጋ፥ እግሮቿን ገጥማ፥ የተሸነሸነ ልብስ ለብሳ ተቀምጣለች፤ አቀማመጧ ብቻውን ክብሯን ይናገራል። በሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ንጉሥ እንዱቢስ ገንዘብ ባሳተመ ጊዜም የንጉሡ ራስ በወርቁ ላይ ታተመ። በኋላ በአራተኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ዒዛና ዘመን የጨረቃውና የክቡ ምልክት ቀርቶ መስቀል ሲተካ የንጉሡ ምስል ከቦታው አልተነሣም። በገንዘቡ ላይ ንጉሡ የሚታየው ወደ ጎን ዞሮ፥ በአንድ ዐይን ነው፤ ፊት ለፊት የሚያሳዩ ገንዘቦች የታተሙት በኋለኞቹ ነገሥታት ዘመን ነው። እንግዲህ አንድ ዐይን ማሳየት በአክሱም ዘመን የንጉሥ ክብር ነበር፤ የኃጥእ ምልክት የሆነው ኋላ ነው። ይህም ምልክቱ ከዐይን ተፈጥሮ ሳይሆን ከሰዎች ስምምነት የመጣ መሆኑን ያስረዳል።

ሰውን ያለ ፊት መግለጥም በሀገራችን የታወቀ ነገር ነው። በሶዶ አገር በጢያ በቆሙት የመቃብር ድንጋዮች ላይ የተቀረጸው በብዛት ሰይፍ ነው። በኮንሶ ደግሞ ለታላቅ ሰው የሚቆመው ከእንጨት የተጠረበ ዋካ ፊት ያለው ቢሆንም፥ ሟቹን የሚያስታውቀው የፊቱ መልክ ሳይሆን አብረውት የሚቆሙት የሚስቶቹ፥ የገደላቸው ጠላቶችና የአራዊት ምስሎች ናቸው።

ወደ ክርስቲያናዊው ሥዕል ስንመለስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሰው በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኘው ወንጌል ነው። ብራናው በሳይንስ ሲመረመር ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ መካከል የተዘጋጀ መሆኑ ታውቋል። በውስጡም ወንጌላውያኑ ተሥለው ይታያሉ። ከጋይንት በጨጨሆ በኩል ወደ ምሥራቅ ተጉዞ ላስታ የደረሰ ሰው ደግሞ በገነተ ማርያም ከቅዱሳኑ ጋር የዐፄ ይኩኖ አምላክን (1270–1285) ሥዕል ያገኛል። ንጉሡ የሚታወቀው አጠገቡ በተጻፈው ስሙ ነው፤ ስሙ ባይኖር ከመልኩ ብቻ ማንነቱን ለይቶ የሚናገር አይኖርም ነበር።

በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) ሥዕል የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። ንጉሡ ለእመቤታችንና ለመስቀል እንዲሰገድ አጥብቀው ሲያዝዙ፥ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው ብለው እንቢ በማለታቸው ብዙ መከራ ተቀበሉ። በዚሁ ዘመን ነበር በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ ያለውን የእመቤታችንን ሥዕል ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን ስሙን ጽፎ ያስቀመጠው። በግእዝ «ሰአለ» ለመነ ማለት ሲሆን «ሠዐለ» ደግሞ ሥዕል ሣለ ማለት ነው፤ ሁለቱ ቃላት በፊደል ይለያዩ እንጂ በዛሬው ንባብ አንድ ድምፅ አላቸው። ሁለቱ ሥራዎችም በሥዕለ አድኅኖ ፊት ይገናኛሉ። ሰው በዚያ ሥዕል ፊት የሚቆመው ሊለምን ነውና፥ ፊት ለፊት የማይመለከት ሥዕል ልመናን ሊቀበል አይችልም። ቅዱሱ በሁለት ዐይን የመሣሉ ምክንያት ከዚህ ላይ ይገለጣል።

ሠዓሊዎቹ ሌላ መንገድ ስላላወቁ አልነበረም ለማለት የሚያበቃው ዋናው ማስረጃ የሚገኘው ከጎንደር ዘመን ነው። ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት በሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለውን የእመቤታችንን ሥዕል ቅጅ አመጡ። በ1590ዎቹ መጀመሪያ በሮም የታተመው ባለሥዕል ዐረብኛ ወንጌልም ወደ ሀገራችን ገባ። በእነዚህ ውስጥ ጥላና ብርሃን፥ ቅርብና ሩቅ፥ በልዩ ልዩ አኳኋን የዞረ የሰው አካል ሁሉ ነበረ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1632 ሃይማኖትን መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲል ከለቀቁ በኋላ ሚሲዮናውያኑ ተባረሩ፤ ሥዕሎቹ ግን አልተባረሩም። የጎንደር ሠዓሊዎች ከሮሙ ሥዕል የእመቤታችንን እጆች መተላለፍና በጣቷ የያዘችውን መሐረብ ወሰዱ፤ ከታተመው ወንጌል የሕማማቱንና የተአምራቱን አቀማመጥ ወሰዱ። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ደግሞ ፊትን በቀለም ጥላ ማለስለስ ጀመሩ። አንድ ነገር ግን አልወሰዱም፤ ጻድቁና ኃጥኡ በዐይን የሚለዩበትን ሥርዐት በሌላ አልለወጡም። ዐውቆ መርጦ የተወ ሰው አልቻለም አይባልም።

በጣና ናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ራሳቸው ተሥለዋል። በመንግሥቱ ላይ ያን ያህል ሥልጣን የነበራቸው እመቤት በዚያ ሥዕል በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ልብሳቸው የንግሥት ልብስ ነው፤ ቦታቸው ግን የለማኝ ቦታ ነው። ሥዕሉ ሁለቱንም ማዕርግ በአንድ ጊዜ ይናገራል።

ስሙ ያልታወቀው ሰውስ የት አለ? እርሱ ወደ ሥዕሉ የሚገባው በተአምረ ማርያም በኩል ነው። ከእነዚህም ሕዝቡ አብልጦ የሚወደው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። ሰባ ስምንት ሰው የበላ ይህ ኃጥእ ለአንድ ድኻ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ በማጠጣቱ፥ ነፍሱ በሚዛን በተመዘነች ጊዜ ዳነ። ሠዓሊው አንዱን ሰው ሲበላም፥ ሲያጠጣም፥ ሲመዘንም ደጋግሞ ይሥለዋል። ከዚህም እንደሚታየው በሥዕል የሚሰጠው ማዕርግ የማይለወጥ ዕጣ አልነበረም፤ ተመልካቹ ገበሬ ከሥዕሉ የሚማረው መልክ የማይለውጠውን ቦታ ጥርኝ ውሃ ሊለውጠው መቻሉን ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ውጭም ይኸው አሳብ በክታብ ይታያል። ደብተራው ለታመመ ሰው ክታብ ሲያዘጋጅ ብራናውን እየሰፋ በበሽተኛው ቁመት ልክ ያስረዝመዋል፤ በጸሎቱም መካከል የክርስትና ስሙን ይጽፋል። በጠልሰሙ ላይ የሚሣሉት ትላልቅ ዐይኖች ጋኔኑን የሚያስደነግጡ ናቸው እንጂ የበሽተኛው ዐይኖች አይደሉም። የበሽተኛው መልክ በክታቡ ላይ አይገኝም፤ ስሙና ቁመቱ ግን በሙሉ አሉ። ለባለ ክታቡ ከዚህ የበለጠ እርሱን የሚመስል ሥዕል አልነበረም።

አዲሱ ዘመን ወደዚህ አገር የገባው በጦርነት ነው። በ1867 መጨረሻ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጐተቱ ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ተጓዙ። በመቅደላ ከነበረው ሀብት አንዱ ኵርዓተ ርእሱ የተባለው፥ የእሾኽ አክሊል የደፋው የጌታ ሥዕል ነበር። ይህ ከአውሮፓ የመጣ ሥዕል ከነገሥታቱ ጋር የሚዘምት ሲሆን፥ በዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ ዘመን በ1744 በስናር ጦርነት ተማርኮ በዋጆ የተመለሰ ነው። ሚያዝያ 13 ቀን 1868 መቅደላ ሲያዝ፥ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪትሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ሥዕሉን ለራሱ ወሰደ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ በ1998 በፖርቱጋል በግል እጅ እንዳለ ታወቀ። ይኸው ሰው የንጉሠ ነገሥቱን ፊት ከሞቱ በኋላ በእርሳስ ነደፈ። በዚያው ዓመት የሰባት ዓመቱ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በእንግሊዝ አገር በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶግራፍ ተነሣ። በፎቶግራፉ የልጁ ዐይኖች፥ ጠጕሩና ከንፈሩ እንደ ነበሩ ናቸው፤ ከመልኩ የጐደለ ነገር የለም። ነገር ግን ልጁ በማን ፊት እንዳለ፥ ማዕርጉስ ምን እንደሆነ ሥዕሉ ብቻውን አይመልስም። መልክ ተገኘ፤ ቦታ ጠፋ።

ይሁን እንጂ አሮጌው ሥርዐት በአንድ ጊዜ አልጠፋም። የዐድዋን ድል (1896) የሚያሳዩት የባህል ሠዓሊዎች ሥራዎች በብዙዎቹ ዘንድ ቅዱስ ጊዮርጊስን ከላይ አድርገው፥ የኢትዮጵያን ሠራዊት ፊት ለፊት፥ የኢጣልያንን ሠራዊት በአንድ ዐይን ይሥላሉ። በ1950ዎቹ መጨረሻ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን ካቋቋሙ ወዲህ ግን አካልን እያዩ መሣል ትምህርት ሆነ። አፈወርቅ ተክሌ በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ በሠሩት ባለቀለም መስተዋት ሰው የአንድ አህጉር ምሳሌ ሆኖ ቆመ፤ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ደግሞ በጎልጎታ ሥዕላቸው የአካልን መልክ ትተው ሕማሙን በቀለም ገለጡ። አንዳንዶች ይህን ከባህል መራቅ ብለው ነቅፈዋል፤ ይሁን እንጂ ከማስመሰል ይልቅ መግለጥን በመምረጥ ገብረ ክርስቶስ ከክታቡ ደብተራ እጅግ የራቁ አይደሉም።

ይህ ሁሉ ከታሪክ ክርክር ያለፈ ዋጋ አለው። ሥዕሉ የችሎታ ማነስ ውጤት ነው ከተባለ መለወጡ አያሳዝንምና። በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ ተልእኮ በጎንደር የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ በቦታቸው አዲስ ቅጅ አስተካ፤ ዋናዎቹ ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። የአሮጌው ሥዕል ጠላት ግን ወሳጁ ብቻ አይደለም፤ ደብሩን ለማሳደስ በቅን ልብ የሚተጋው ምእመንም የደበዘዘውን በሚያብረቀርቅ ቀለም ሲያስሸፍን ያው ጥፋት ይደርሳል።

በጋይንት የድጓ ምስክር ቤት የሆነችው ቤተ ልሔም ለዚህ የምትሰጠው ትምህርት አለ። በ1955 ቶማስ ፓክንሃም የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ወደ ክቡ ጣራ ሥር በገባ ጊዜ፥ ከውስጥ በድንጋይና በእንጨት በአክሱም ጥበብ የተሠራ ባለ አራት ማዕዘን የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን አየ። ያገሩ ካህናት ሲያገለግሉበት የኖሩት ቤት ነውና፥ ለእነርሱ አዲስ ግኝት አልነበረም። አዲሱን ቤት የሠሩት አባቶች አሮጌውን ሳያፈርሱ በላዩ ላይ ጣራ አለበሱት። በወገዳ አድባራት ግድግዳ ላይ ላሉት ሥዕሎችም የሚገባው ይኸው ነው። አዲስ ቀለም ከመቀባቱ በፊት የእያንዳንዱ ሥዕል ቦታ፥ ጽሕፈቱና በግርጌው የተደፋው ሰው ስም ሊመዘገብ ይገባል። መልኩን ያልተወልን ያ ሰው፥ በማን ፊት እንደ ቆመ የሚመሰክርለት ከዚያ ግድግዳ በቀር ሌላ የለውምና።