ከአሮጌ የቆሻሻ ክምር ኃይል የማመንጨት አዋጭነት

ለረጅም ዓመታት የተከማቸን ደረቅ ቆሻሻ ቆፍሮ በማውጣት የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጨት የሚቻል ቢሆንም፣ የሥራው አዋጭነት ከኃይል ሽያጭ በሚገኘው ገቢ ብቻ የሚመዘን አይደለም።

አሮጌ ቆሻሻ ከአዲሱ በይዘቱ ይለያል። የምግብና የአትክልት ተረፈ ምርት በጊዜ ብዛት ስለሚበሰብስ የሚቀረው በአብዛኛው ፕላስቲክ፣ ጨርቅ፣ እንጨትና አፈር ነው። አፈሩ ካልተለየ የማቃጠያ መሣሪያዎችን ይጎዳል፤ አመዱንም ያበዛል። በመሆኑም የመቆፈሪያው፣ የማበጠሪያውና የማጓጓዣው ወጪ ከኃይሉ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

በዚህ ረገድ በአሜሪካ ፔንስልቬንያ ግዛት የሚገኘው የላንካስተር አውራጃ ተሞክሮ ተጠቃሽ ነው። የአውራጃው የቆሻሻ ማቃጠያ ኃይል ማመንጫ ከአቅሙ በታች ይሠራ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ ከ1991 እስከ 1996 ከፍሬይ ፋርም ማከማቻ የወጣ አሮጌ ቆሻሻ ከአዲሱ ጋር እየተደባለቀ እንዲቃጠል ተደርጓል። ከወጣው ውስጥ 56 በመቶው ለማገዶነት ሲውል 41 በመቶው በአፈርነት ተለይቷል፤ ተመልሶ የተቀበረው 3 በመቶው ብቻ ነው። በዚህም ማከማቻው ተጨማሪ ቦታ አግኝቷል። በአንጻሩ ሽታው፣ የተሽከርካሪዎች ምልልስና የመሣሪያዎች ጉዳት ጨምሯል። ሥራውን የረዳው ዋነኛ ምክንያት ማመንጫው አስቀድሞ የተገነባ መሆኑ ነው።

በአዲስ አበባ ከ50 ዓመታት በላይ ያገለገለው የረጲ ወይም በተለምዶ ቆሼ የሚባለው ክምር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። በሥፍራው ተገንብቶ ነሐሴ 2010 ዓ.ም የተመረቀው ማመንጫ በቀን 1ሺህ 400 ቶን ገደማ ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ በዋነኛነት የታቀደው ከከተማዋ በየዕለቱ ለሚሰበሰበው ቆሻሻ ነው።

እንዲህ ያለውን ክምር መቆፈር የመናድ አደጋንና የታመቀ የሚቴን ጋዝ መውጣትን ያስከትላል። ስለሆነም ከውሳኔ በፊት በተለያየ ጥልቀት ናሙና ወስዶ የአፈሩን መጠንና የቆሻሻውን የሙቀት ኃይል መለካት ያስፈልጋል።

የኃይል ሽያጩ ገቢ የማመንጫው ባለቤት ሲሆን፣ ነጻ የሚሆነው መሬትና የነዋሪዎች ደህንነት ግን የከተማ አስተዳደር ጉዳይ ነው። ሁለቱ በአንድ ሒሳብ ካልታዩ ለሕዝብ የሚጠቅም ሥራ በወረቀት ላይ ኪሳራ መስሎ ሊቀር ይችላል።