የቡል ሪንግ ገበያ በበርሚንግሃም፤ በ1964 የተሠራው የገበያ አዳራሽ ለምን እንደ ፈረሰና በምን እንደ ተተካ

በእንግሊዝ አገር መካከለኛ ክፍል በምትገኘው በበርሚንግሃም ከተማ ቡል ሪንግ የሚባል ጥንታዊ የገበያ ሥፍራ አለ። በዚህ ሥፍራ ላይ በ1964 ዓ. ም. እጅግ የተመሰገነ ታላቅ የገበያ አዳራሽ ተመርቆ ተከፈተ፤ ነገር ግን አርባ ዓመት እንኳ ሳይሞላው በ2000 ዓ. ም. መፍረስ ጀመረና በቦታው ላይ ሌላ የገበያ ማዕከል ተሠርቶ በ2003 ዓ. ም. ተከፈተ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ አስቀድሞ በዚያው ሥፍራ የነበረው አሮጌው አዳራሽ ግን በ1835 ተከፍቶ፣ በጦርነት ጊዜ ጣራው ተቃጥሎ እንኳ፣ እስከ 1963 ድረስ ቆሞ ነበር። እንግዲህ በፈረስ ጋሪ ዘመን የተሠራው 128 ዓመት ሲቆም፣ በአውቶሞቢል ዘመን የተሠራው በ36 ዓመቱ ለመፍረስ የበቃው ስለ ምንድን ነው? የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ መልስ መፈለግ ነው። ጥያቄው የአንዲት የባዕድ ከተማ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልታየንም፤ አሮጌ ገበያ አፍርሶ አዲስ ለመሥራት የሚያስብ ከተማ ሁሉ ሳይወድ በግድ የሚገናኘው ጥያቄ ነውና።

፩. የሥፍራው ጥንተ ታሪክ

ቀዳማዊ ዊልያም በ1086 ባስጻፈው የመሬት መዝገብ ውስጥ በርሚንግሃም 20 ሽልንግ ብቻ የምትገመት ትንሽ መንደር ነበረች። መንደሪቱን ከተማ ያደረጋት ከገበያ በቀር ሌላ ነገር አይደለም። በ1166 ዓ. ም. የቦታው ባለ ርስት የነበረው ፒተር ደ በርሚንግሃም በየሳምንቱ ሐሙስ ሐሙስ ገበያ እንዲያቆም ከንጉሡ ከዳግማዊ ሄንሪ የፈቃድ ደብዳቤ ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሁሉ ወደ ገበያው ያመራ ጀመር፤ ቤቱም በገበያው ዙሪያ ተሠራ። በሌላ አገር ከተማ ገበያን ሲወልድ እናያለን፤ በዚህ ግን ገበያ ከተማን ወለደ ማለት ይቻላል።

ቡል ሪንግ የሚለው ስም «የበሬ ቀለበት» ማለት ነው። ስሙም የወጣው ለመታረድ የመጡት በሬዎች በብረት ቀለበት ታስረው በውሻ ይነከሱ ስለ ነበር ነው ይባላል። ሥፍራው ከላይኛው ከተማ ጀምሮ ወደ ቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን የሚወርድ ቁልቁለት ነው። ይህን ቁልቁለት አንባቢ በልቡ እንዲይዘው እንለምናለን፤ ኋላ የሚመጣው ነገር ሁሉ ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነውና። በ1809 ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቶ የአድሚራል ኔልሰንን ሐውልት በዚሁ አቆመ። በ1835 ደግሞ ቻርልስ ኤጅ የተባለው አርክቴክት የነደፈው የገበያ አዳራሽ ተከፈተ፤ በውስጡም 600 መደብ ይዞ ነበር።

ይሁን እንጂ ሥፍራው የመሸጫና የመግዣ ቦታ ብቻ አልነበረም። በሐምሌ ወር 1839 ቻርቲስት የተባሉት፣ ለሠራተኛው ሕዝብ የመምረጥ መብት የሚጠይቁ ሰዎች፣ በቡል ሪንግ ይሰበሰቡ ስለ ነበር፣ ሹማምንቱ ከሎንዶን ፖሊስ አስመጥተው ሊበትኑዋቸው ሞከሩ፤ ከዚህም የተነሣ ታላቅ ሁከት ሆነ። ይህን ታሪክ የምናነሣው ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። ገበያ ሰው ያለ ጥሪ የሚገናኝበት፣ ወሬ የሚሰማበት፣ አቤቱታም የሚቀርብበት አደባባይ መሆኑን ስለሚያስረዳን ነው።

፪. የ1964ቱ አዳራሽ አሠራር

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በነሐሴ 25 ቀን 1940፣ ከጀርመን አይሮፕላን የተጣለ ተቀጣጣይ ቦምብ የአሮጌውን አዳራሽ ጣራ አቃጠለው። ነጋዴዎቹ ግን አልተበተኑም፤ ግድግዳው ብቻ በቀረው አዳራሽ ውስጥ፣ ሰማይን ጣራ አድርገው፣ ለብዙ ዓመት ሲሸጡ ኖሩ።

ከጦርነቱ በኋላ ከተማውን አዲስ አድርጎ የመሥራት አሳብ በረታ። የዚህ አሳብ ዋነኛ ሰው ከ1935 እስከ 1963 የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ የነበሩት ሰር ኸርበርት ማንዞኒ ናቸው። በርሚንግሃም አውቶሞቢል የሚሠራባት ከተማ ስለ ሆነች፣ የወደፊቱ ኑሮ ሁሉ በአውቶሞቢል ላይ እንደሚመሠረት ማመናቸው የሚያስገርም አይደለም። ስለዚህ የከተማውን እምብርት የሚከብ ሰፊ ቀለበት መንገድ ታቀደ፤ ሥራውም በ1957 ተጀምሮ በ1971 ተፈጸመ። መንገዱም በቡል ሪንግ መካከል እንዲያልፍ ሆነ።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ አገር፣ በሚኒሶታ፣ ቪክቶር ግሩን የተባለው አርክቴክት የነደፈው ሳውዝዴል የሚባል፣ ብርድና ሙቀት የማይገባበት ዝግ የገበያ አዳራሽ በ1956 ተከፍቶ ዝናው በዓለም ተሰምቶ ነበር። የበርሚንግሃም ሰዎችም ይህን የመሰለ አዳራሽ በከተማቸው መካከል ለመሥራት ወሰኑ። ላይንግ የተባለው የሕንፃ ሥራ ኩባንያ 8 ሚሊዮን ፓውንድ በሚያህል ወጪ በ23 ኤከር መሬት ላይ ሠራው። ግንቦት 29 ቀን 1964 የኤዲንብራ መስፍን ልዑል ፊልጶስ መረቁት። በውስጡ 19 ተንቀሳቃሽ ደረጃዎች፣ ሰው ሠራሽ አየርና ብርሃን፣ የመኪና ማቆሚያና የአውቶቡስ ጣቢያ ነበሩበት። በዚያን ጊዜ ያየው ሰው መጪው ዘመን ቀድሞ የደረሰ ቢመስለው አይፈረድበትም።

፫. የውድቀቱ ምክንያቶች

አዳራሹ ብዙ ሳይቆይ ደከመ። ምክንያቶቹን ብንመረምር ሦስት ሆነው እናገኛቸዋለን።

የመጀመሪያው መንገዱ ነው። ቀለበት መንገዱ ለመኪና ነጂ በር ሲሆን ለእግረኛ አጥር ሆነ። ከላይኛው ከተማ ወደ ገበያው ለመውረድ የሚፈልግ ሰው በቀጥታ መሻገር ስላልተቻለው ከመሬት በታች በተቈፈረ መተላለፊያ ማለፍ ነበረበት። መተላለፊያውም ጨለማ ያለበት በመሆኑ፣ በተለይም ሲመሽ፣ ሰው ይሸሸው ነበር። የከተማው ሰዎች በኋላ ይህን መንገድ «የኮንክሪት አንገትጌ» ብለው ሰየሙት፤ የከተማውን አንገት አንቆ እንዳያድግ አድርጎታል ማለታቸው ነው።

ሁለተኛው ቁልቁለቱ ነው። በጥንቱ ጊዜ ሰው ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ሸቀጡን ግራና ቀኝ እያየ፣ ዓይኑን በቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ላይ ጥሎ ነበር የሚሄድ። በአዲሱ አዳራሽ ግን ቁልቁለቱ ወደ ደርብ ተለወጠ። ገዢው የትኛው ደርብ ላይ እንዳለ አያውቅም፤ ደረጃው በተበላሸ ጊዜም በእግሩ ለመውጣት ይገደዳል። ቤተ ክርስቲያኑም በሕንፃና በመንገድ ተከቦ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ያህል ሆነ።

ሦስተኛው ኪራዩ ነው። ለሰው ሠራሽ አየርና ለደረጃ የሚወጣው ገንዘብ ከሱቁ ኪራይ ላይ መከፈሉ የማይቀር ነው። ኪራዩ ከፍ በማለቱ ቸርቻሪው አልቻለውም፤ ብዙዎቹ ሱቆችም ባዶአቸውን ቀሩ። ባዶ ሱቅ ደግሞ ጎረቤቱን ያደኸያል። ይህ ሲሆን በታች፣ በቅዱስ ማርቲን አጠገብ በነበረው ግልጥ ገበያ፣ ዝናብና ብርድ እየወረደባቸው አትክልትና ፍራፍሬ የሚሸጡት ሰዎች ደንበኛቸው አልጐደለም። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገንም፤ የጠፋው ገዢ አይደለም፣ ገዢው ወደ ላይኛው አዳራሽ የሚገባበት ምክንያት ነው።

አንዳንድ ሰዎች «አዳራሹ የፈረሰው ስላረጀና መልኩ ከፋሽን ስለ ወጣ ብቻ ነው» ይላሉ። ይህ አሳብ ከፊል እውነት አለው፤ ነገር ግን ይበቃል አንልም። በዚያው ሥፍራ ጫፍ ላይ በ1965 የተፈጸመው ሮተንዳ የሚባለው ክብ ረጅም ሕንፃ የዚያው ዘመን ልጅ ሲሆን፣ በ2000 ዓ. ም. እንዳይፈርስ በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ሆነ፤ ኋላም መኖሪያ ቤት ተደርጎ ታደሰ። አዳራሹ መፍረስ በጀመረበት በዚያው ዓመት ጎረቤቱ ቅርስ ከተባለ፣ ዕድሜና መልክ ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም። ልዩነቱ ሮተንዳ የማንንም መንገድ አለመዝጋቱ ነው።

፬. የ2003ቱ ማዕከል

በ1987 ዓ. ም. ሎንዶን ኤንድ ኤዲንብራ ትረስት የሚባል ኩባንያ አሮጌውን አፍርሶ በቦታው እጅግ ግዙፍ የሆነ አንድ ወጥ አዳራሽ ለመሥራት አሳብ አቀረበ። በዚያ ጊዜ ግን የከተማው ሰዎች ከ1964ቱ ትምህርት አግኝተው ነበርና ዝም አላሉም። በርሚንግሃም ፎር ፒፕል የሚባል የዜጎች ማኅበር ተቋቁሞ ዕቅዱን ነቀፈ፤ የራሱንም አሳብ አቀረበ። በ1988 በሃይበሪ የተሰበሰቡት የከተማ ሥራ ዐዋቂዎች ደግሞ የኮንክሪቱ አንገትጌ መሰበር እንዳለበትና እግረኛው መቅደም እንደሚገባው መከሩ። ቀጥሎ የመጣው የንግድ መቀዝቀዝም ሥራውን አዘገየው። መዘግየቱ በእኛ አስተያየት ጥቅም እንጂ ጉዳት አላመጣም፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ከተማው አንድ ጊዜ አፍስሶ ለቅሞአልና።

በመጨረሻ ሀመርሰን፣ ሄንደርሰንና ላንድ ሴኪውሪቲስ የተባሉት ሦስት ኩባንያዎች ተባብረው ሥራውን ያዙ። አዲሱ ማዕከል መስከረም 4 ቀን 2003 ተከፈተ። ብዙ ሰው የሚያወራው ሰልፍሪጅስ ስለሚባለው ሱቅ፣ በ15,000 የአሉሚኒየም ክብ ሳሕን ስለ ተለበጠው ግድግዳው ነው። ለእኛ ግን ዋናው ነገር ግድግዳው ሳይሆን በሁለቱ የሕንፃ ክፍሎች መካከል የተከፈተው መንገድ ነው። ቀለበቱን በዚያ በኩል ሰብረው፣ ከላይኛው ከተማ እስከ ቅዱስ ማርቲን የሚወርደውን የጥንቱን ቁልቁለት ለእግረኛ መለሱለት። ቤተ ክርስቲያኑም እንደገና ከላይ ሆኖ የሚታይ ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 36 ሚሊዮን ተኩል ጊዜ ሰው ገብቶበታል። በ1166 ሐሙስ ሐሙስ ገበያተኛው ይወርድበት የነበረው አቅጣጫ ከብዙ ዘመን በኋላ ትክክል ሆኖ መገኘቱ ሊያስደንቀን ይገባል።

፭. የተገኘውና የቀረው

ይህን ሁሉ ብለን ትርፉን ብቻ ብናወራ የታሪክ ጸሐፊ ሳይሆን የማስታወቂያ ጸሐፊ መሆናችን ነው። መደብ ዘርግተው የሚሸጡት ነጋዴዎች በአዲሱ ማዕከል ውስጥ ሥፍራ አላገኙም። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ በኤጅባስተን መንገድ በኩል፣ በ2000 ዓ. ም. አዲስ የተሸፈነ ገበያና የጨርቃ ጨርቅ ገበያ ተሠራላቸው። ጨርሰው አልተባረሩም፤ ነገር ግን ለስምንት መቶ ሠላሳ ዓመት ያህል የቦታው እናት የነበረው ገበያ ወደ ግርጌ ወረደ። በ2018 ደግሞ የጅምላ ገበያው ከአጠገባቸው ተነሥቶ ዊተን ወደሚባል ሠፈር ሄደ።

ሌላው ነገር የአደባባዩ ጉዳይ ነው። መንገዱ ለእግረኛ ቢመለስም ሥርዓቱን የሚጠብቁት በኩባንያ የተቀጠሩ ዘበኞች ናቸው። በ1839 ቻርቲስቶቹ የተሰበሰቡበት ሥፍራ ዛሬ ሰው እንዲገዛ የሚጋበዝበት እንጂ እንዲከራከር የሚጠበቅበት አይደለም። ደግሞም የታላላቅ ሱቆች ዕድሜ እርግጠኛ አይደለም። በ2003 ከማዕከሉ ሁለት ምሰሶዎች አንዱ የነበረው ደበንሃምስ በ2021 በመላው ብሪታንያ ሱቆቹን ሁሉ ዘጋ። የሽንኩርት ሻጩ መደብ ግን አንዱ ቢነሣ ሌላው በማግሥቱ ይይዘዋል።

እንግዲህ ከላይ ለጠየቅነው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። የ1835ቱ አዳራሽ ብዙ ዘመን የቆየው ሰው በሚሄድበት መንገድ ላይ ስለ ተሠራና ኪራዩም ለትንሹ ነጋዴ ስለማይከብድ ነው። የ1964ቱ በቶሎ የወደቀው መንገዱን ለመኪና ሰጥቶ ሰውን ከመሬት በታች ስላስኬደና ኪራዩን ከነጋዴው አቅም በላይ ስላደረገ ነው። የ2003ቱ የመጀመሪያውን ስሕተት አርሞአል፤ ሁለተኛውን ግን ነጋዴውን ወደ ግርጌ በማውረድ አለፈው እንጂ አላረመውም። ስለዚህ አንድ ገበያ ሲፈርስ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው በቦታው ምን ዓይነት ሕንፃ ይሠራ የሚለው ሳይሆን፣ ትናንት እዚህ ይሸጥ የነበረው ሰው ነገ የት ይቀመጣል፣ ገዢውስ በየት በኩል በእግሩ ይመጣል የሚለው ነው እንላለን።