የቡና ቤት ቁራጭ ወረቀት

ወጣቶች ሆይ፤ ታሪክ ሲባል በልባችሁ የሚመጣው የነጋሪት ጋዜጣና የነገሥታት ደብዳቤ ይሆናል። እኔም እንዲሁ አስብ ነበርና አንድ ጊዜ ቆርቆሮ ሙሉ ወረቀት አቃጥያለሁ።

ቆርቆሮው የአጎቴ ነበር። አጎቴ የሒሳብ ሠራተኛ ስለ ነበሩ፣ በአዲስ አበባ ፒያሳ ከሁለት ወዳጆቻቸው ጋር ቡና በጠጡ ቁጥር ደረሰኙን ይዘው ይገባሉ፤ በጀርባውም ቀኑንና የከፋዩን ስም በእርሳስ ይጽፋሉ። ይኸውም ተራው እንዳይዛባ ነው፤ በእኛ አገር «በሞቴ፣ እኔ ልክፈል» የማይባልበት ገበታ የለምና። እርሳቸው ካረፉ በኋላ ቤቱን ሳጸዳ፣ ይህ ምን ይረባል ብዬ የከሰል ማቀጣጠያ አደረግሁት። አንዲት ብቻ በመጽሐፍ መካከል ዕልባት ሆና ተረፈች።

በዚህች ወረቀት ላይ ሁለት ማኪያቶና አንድ ሻይ ተጽፏል፤ ዋጋው በሳንቲም ነው። ማኪያቶ የሚለው ቃል፣ ፒያሳ የሚለውም ስም፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየውን የጣልያን ወረራ ያስታውሳሉ። ጠላት ወጣ፤ ቃሉ ቀረ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 የተከፈተው የቶሞካ ስም እንኳ፣ «ዘመናዊ ቡና መቁያ» ከሚሉ የጣልያንኛ ቃላት መነሻ ፊደላት የተገጣጠመ ነው። የቤት ቡና በጀበና ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራበታል፣ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ወረቀትም አይተውም። በቡና ቤት ግን (መጠጥ የሚሸጥበትን ማለቴ አይደለም) ሰው ጎረቤቱን ሳይሆን የመረጠውን ወዳጅ ይዞ ይቀመጣል። ይህን ልዩነት ያስተማረችኝ ያቺ ቁራጭ ናት።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በ1652 ፓስኳ ሮዜ የተባለ ሰው በለንደን የመጀመሪያውን ቡና ቤት ሲከፍት ማስታወቂያ አሳትሞ ነበር። በ1675 መጨረሻ ደግሞ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ቡና ቤቶች ይዘጉ ብሎ ዐወጀ፤ ሕዝቡ ቢያጉረመርምበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተወው። ዐዋጁ ንጉሡ የሕዝብ ወሬ መፍራቱን ይነግረናል። ቡናው እንዴት ይጠጣ እንደ ነበረ የሚነግረን ግን ያ ተነቦ የሚጣል ማስታወቂያ ነው፤ አፍ የሚችለውን ያህል ትኩስ ይሁን፣ ከመጠጣቱ አንድ ሰዓት በፊትም ሆነ በኋላ እህል አይቀመስ ይላል። የቡና ቁርስ የለመደ ያገሬ ሰው ይህን ቢሰማ መሳቁ አይቀርም።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ ቤት ፈረሰ፤ አጎቴ የሚቀመጡበትም አብሮ ሄደ። በዚያው ሰሞን አንዲት አሮጊት እኔን ፈልገው መጡ። ወንድማቸው ከአጎቴ ወዳጆች አንዱ ነበር፤ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በ1970 ዓ.ም.፣ ከቤት እንደ ወጣ ቀርቷል። «ልጄ፣ ከአጎትህ ጋር መጨረሻ የተቀመጡት መቼ ይሆን?» አሉኝ። የተረፈችው ወረቀት የጥቅምት 1969 ናት። የተቃጠሉት ቢኖሩ ኖሮ፣ ሦስቱ ስኒ ሁለት የሆነበትን ቀን ባሳየኋቸው ነበር።

ያለችኝን አንዲቱን አውጥቼ ሰጠኋቸው። በጀርባዋ የተጻፈው የከፋዩ ስም የወንድማቸው ነው። ብዙ ጊዜ ትክ ብለው ካዩት በኋላ ገለበጧት።

«ሻዩ የእሱ ነው፤ ቡና ሲጠጣ ልቡ ይመታበት ነበር» አሉ።

ወረቀቷንም በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ።