ከፒ3 ወደ ፒ6 የተደረገ ሽግግር

ከፒ3 ወደ ፒ6 የተደረገው ሽግግር በርካታ ተቋራጮች የግንባታ መርሐ ግብር የሚያወጡበትን ሶፍትዌር የለወጡበት ሂደት ነው። ሁለቱም ሶፍትዌሮች የፕሪማቬራ ሲስተምስ ሥራዎች ናቸው፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ ተመሥርቶ በ2008 በኦራክል ተገዛ።

ፒ3 እያንዳንዱን ፕሮጀክት ለብቻው ያስቀምጥ ነበር። ፒ6 ግን የድርጅቱን ፕሮጀክቶች ሁሉ በአንድ የመረጃ ቋት ያኖራል፤ የሥራ ቀን መቁጠሪያው፣ የሥራ መለያ ኮዱ፣ የሰው ኃይልና የማሽን ዝርዝሩ የጋራ መሆን ይችላል። ዋናው ችግርም ከዚሁ ይመነጫል። ከንዑስ ተቋራጭ የመጣ ፋይል ሲጫን የላኪው ቀን መቁጠሪያና ኮድ አብሮ ይገባና የጋራውን መረጃ ያዝረከርካል። ልምድ ያለው ባለሙያ ፋይሉን መጀመሪያ በተለየ የመሞከሪያ ቋት ያጸዳዋል፤ ይህ ጥንቃቄ ከብዙ ሰዓት ሥልጠና ይበልጣል።

የቀናት ስሌትም ይለያያል። ፒ6 የሥራን ርዝመት የሚይዘው በሰዓት ነው። በመሆኑም በቀን 8 ሰዓት ታስቦ የተሞላ የ10 ቀን ሥራ፣ ቀኑ 10 ሰዓት ተብሎ ሲነበብ 8 ቀን ሆኖ ይታያል። የጊዜ ማራዘሚያ ክርክር ላለበት ፕሮጀክት እንዲህ ያለ ልዩነት አደገኛ ነው፤ ስለዚህ ነባሩን ፕሮጀክት በነባሩ ሶፍትዌር መጨረስ፣ አዲሱን ሶፍትዌር በአዲስ ፕሮጀክት መጀመር ይሻል ነበር።